ሁለቱ ሂሩቶች፦ የተበደለች ሴት በሲኒማችንና በጃፓን ፊልም መስተዋት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ፣ ልደታ፣ አዲስ አበባ፣ የቀረበ ንግግር)




ለዚህ ዓመት ጉባኤ ንግግር እንዳቀርብ ስጠየቅ የተሰጠኝ ርእስ «ሴትና ሲኒማ» የሚል ነበር። ርእሱ ሰፊ ነው። ሰፊ ርእስ ደግሞ ተናጋሪውን ወይ ወደ ምስጋና ወይ ወደ ወቀሳ ስለሚወስደው፣ አጥብቤ ልይዘው መረጥሁ። በመሆኑም የማቀርብላችሁ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ይኸውም፦ በደል የደረሰባትን ሴት ታሪክ በፊልም ስንናገር የምንሠራው ሥራ ፍርድ መስጠት ነውን? ወይስ በደሉን ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ገበያ ማውጣት?

ጥያቄው ለተሰበሰብንበት ሥፍራ እንግዳ አይደለም። ልደታ በአዲስ አበባ ነዋሪ አንደበት ሁለት ነገር ያስታውሳል። አንደኛው ስሙን ያገኘበት በዓል ሲሆን፣ ይህም የአንዲት ሴት ልጅ መወለድ የሚከበርበት፣ ግንቦት አንድ ቀን ሰፈርተኛው ንፍሮ ቀቅሎ ደጅ የሚሰበሰብበት ዕለት ነው። ሁለተኛው ፍርድ ቤቱ ነው። «ልደታ ቀጠሮ አለኝ» የሚልን ሰው የት እንደሚሄድ የሚጠይቀው የለም። የሴት ልጅ መወለድ እንደ ታላቅ የምሥራች በሚታወስበት፣ የተበደለም አቤት በሚልበት ሰፈር ተቀምጠን ስለ ሴት ገጽታ መነጋገራችን ተገቢ ነው እላለሁ።

ጉዳዩን ለመመርመር ሁለት የኢትዮጵያ ፊልሞችን እይዛለሁ። አንደኛው በ1957 ዓ.ም. የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ሲሆን፣ ሁለተኛው በ2006 ዓ.ም. ለዓለም የታየው «ድፍረት» ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ዘመን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የሁለቱም ባለታሪክ ስም ግን ሂሩት ነው። በመካከላቸው መስተዋት ይሆነን ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጃፓን የተሠሩትን፣ በሌላው ዓለም «የብዝበዛ ሲኒማ» በሚል ስም የሚታወቁትን ፊልሞች አቆማለሁ። መስተዋት ያልሁበት ምክንያት አለኝ። የራሱን ፊት በሌላ ሰው ፊት ላይ ያየ ሰው ጉድፉን ቶሎ ይለያልና።

ቀሚስ የለበሱ ወንዶች

ከፊልም በፊት መድረክ ነበረና ከዚያ ልጀምር። በዘመናዊ ቲያትራችን መጀመሪያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሴት ልጅ በአደባባይ ቆማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ የሌላ ሰው ሚስት መስላ መታየቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር፣ ጢሙን የተላጨ ወንድ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ ይወጣ ነበር። ይህን ልማድ ጥሰው ወደ መድረክ የወጡት ጥቂት ሴቶች ብዙ ዋጋ ከፍለዋል። ክራር ደርዳሪዋና ተዋናይቷ አስናቀች ወርቁ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ዛሬ በክብር የምንጠራው ስሟ በዘመኑ በሹክሹክታና በሐሜት ጭምር ይጠራ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። የሕይወት ታሪኳን የያዘው ዶክመንታሪ ፊልም በራኬል ሳሙኤል የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2013፣ አስናቀች ካረፈች በኋላ ነው።

ጃፓኖችም ከዚህ ብዙ የራቀ ታሪክ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1629 የሾጉኑ መንግሥት ሴቶች በካቡኪ መድረክ እንዳይጫወቱ ከለከለ። ከዚያ በኋላ የሴት ሚና ልዩ ሥልጠና ላላቸው ወንዶች ተሰጠ። ሲኒማ ወደ ጃፓን በገባ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ዐሥርታት ካሜራው ፊት በሴት ልብስ የቆሙት እነዚሁ ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶች ቦታውን ሙሉ በሙሉ የያዙት በ1920ዎቹ ነው።

ይህን ያነሣሁት ለታሪክ ጌጥ ብዬ አይደለም። በሁለቱም አገሮች ሴት በመድረክና በፊልም ከመታየቷ በፊት «ሴት ምን ትመስላለች?» የሚለው ጥያቄ በወንዶች ተመልሶ አልቆ ነበር። እውነተኛዪቱ ሴት በመጨረሻ ስትመጣ የጠበቃት ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ነው። እርሷም በልኳ ያልተሰፋውን ልብስ ለብሳ እንድትጫወት ተደረገች።

የመጀመሪያዋ ሂሩት

«ሂሩት አባቷ ማነው?» የአገራችን የመጀመሪያ ባለ ሙሉ ርዝመት ልብ ወለድ ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ በሆነ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ ሲሆን፣ አቶ ኢላላ ኢብሳ አዘጋጅተውት ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ዳይሬክት አድርጎታል። ታሪኩም ከሴተኛ አዳሪነት ሕይወት ጋር የተሳሰረ ነው። የሲኒማ ሥራ በማይታወቅበት፣ መሣሪያውም ባለሙያውም በሌለበት ዘመን ይህን ያህል ሥራ መወጠን ድፍረት የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ፈር ቀዳጆቹ ምስጋና ይገባቸዋል።

ሆኖም ርእሱን ቆም ብለን እንመርምረው። የሴቲቱ ስም በመጀመሪያ ይጠራል። ወዲያው ግን ጥያቄው ወደ አባቷ ይዞራል። «ሂሩት ማን ናት?» አይልም፤ «ምን ደረሰባት?» አይልም፤ «ምን ትፈልጋለች?» አይልም። አባቷ ማነው ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ኅብረተሰባችን በየቀኑ፣ በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ይጠይቀው የነበረና ዛሬም የሚጠይቀው ነው። ፊልሙ ጥያቄውን ከሕይወት አንሥቶ በግድግዳ ላይ ለጠፈው። ይህም ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል አባት የሌላት የምትባል ልጅ የምትሸከመውን ሸክም ለተመልካች ያሳያል። በሌላ በኩል የሴቲቱን ማንነት በወንድ ስም የሚለካውን ሚዛን ሳይነካ እንዳለ ይተወዋል።

ፊልሙ ብቻውን አልነበረም። በዚያው ዘመን፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ «ሴተኛ አዳሪ» የተሰኘው ልብ ወለድ ታትሞ ነበር። የደራሲዪቱ ስም እናኑ አጎናፍር ይላል። ከብዕር ስሙ በስተጀርባ የነበሩት ግን ደራሲውና ጋዜጠኛው ነጋሽ ገብረ ማርያም ናቸው። ወንዱ ደራሲ በሴት ስም የሴትን ሕይወት ጽፎ ለአንባቢ አቀረበ ማለት ነው። ደራሲው ለባለታሪኳ የነበራቸው ርኅራኄ የሚጠረጠር አይደለም። ነገር ግን ከመድረኩ ጋር ስናስተያየው ያው ልማድ በሌላ መልክ መመለሱን እንረዳለን። በመድረክ ቀሚሱን የለበሰው ወንድ በመጽሐፍ ስሟን ለበሰ። የራሷ ድምፅ ግን ገና አልተሰማም ነበር።

በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን ሠራ። ርእሱ እንደሚያመለክተው ፊልሙ ስለ ደምና ስለ ካሳ ነው። በዚያ ዓለም ደም የሚፈስሰውና ካሳ የሚከፈለው በወንዶችና በወገኖቻቸው መካከል ነው። የሴት በደልና የሴት ቂም በሲኒማችን ተራው ገና አልደረሰም ነበር ማለት ይቻላል።

የቂም ዜማ

እንግዲህ ወደ ጃፓን እንሻገር። ስለ እነዚያ ፊልሞች ብዙ ሲባል ሳለ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከየት እንደ መጡ ነው። የመጡት ከድንጋጤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በጃፓን ከ1 ቢሊዮን 100 ሚሊዮን በላይ የሲኒማ ትኬት ተሽጦ ነበር። ቴሌቪዥን ወደየቤቱ ከገባ በኋላ ቁጥሩ እያሽቆለቆለ ሄዶ በ1972 ከ200 ሚሊዮን በታች ወረደ። ቤተሰብ እቤቱ ተቀመጠ። በአዳራሹ የቀረው በብዛት ወጣትና ብቸኛ የሆነ የከተማ ወንድ ነበር። ታላላቆቹ ኩባንያዎች ለዚህ ተመልካች ቴሌቪዥን ሊያሳየው የማይችለውን ነገር ለመሸጥ ወሰኑ፤ እርሱም ግፍና የሴት ገላ ነው።

የኒካትሱ ኩባንያ በኅዳር 1971 (እ.ኤ.አ.) አነስተኛ በጀት የተመደበላቸውን ወሲባዊ ፊልሞች በተከታታይ ማምረት ጀመረ። ለዳይሬክተሮቹ የተሰጠው መመሪያ ቀላል ነበር። የፊልሙ ርዝመት 70 ደቂቃ ገደማ ይሁን፤ በየ10 ደቂቃው የወሲብ ትዕይንት ይግባ፤ በቀረው ጊዜ እንደ ወደዳችሁ ሥሩ የሚል ነው። ቶኤይ የተባለው ኩባንያ ደግሞ የወንበዴ ሴቶችን፣ የእስረኛ ሴቶችንና የበቀል ታሪኮችን በብዛት አወጣ። መንግሥት ዝም አላለም። የኒካትሱ ሰዎች በ1972 ጸያፍ ሥዕል በማሰራጨት ወንጀል ተይዘው፣ ከረጅም ክርክር በኋላ በ1978 ነጻ ተባሉ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1980 አጸናው።

ይህ ክርክር ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። በችሎቱ የተመረመረው «ምን ያህል ገላ ታየ?» የሚለው ነበር። «የታየችው ሰው ማን ናት? ተስማምታለችን? ታሪኩስ ስለ እርሷ ምን ይላል?» ብሎ የጠየቀ ሕግ አልነበረም። በአገራችንም በተከታታይ መንግሥታት የሠራው የሳንሱር መቀስ ከዚህ የተለየ ዐይን ነበረው ለማለት ያስቸግራል። ሳንሱር ጭንና ጡትን ይለካል፤ ክብርን ግን መለኪያ የለውም። ስለዚህ አንዲት ሴት ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ተሸፍና ሳለ በፊልም ልትዋረድ ትችላለች፤ ሳንሱሩም ማኅተሙን አትሞ ያሳልፋታል።

አሁን ከእነዚያ ፊልሞች አንዱን እንመልከት። ሹንያ ኢቶ የተባለው ዳይሬክተር በ1972 ለቶኤይ የሠራውና «ጊንጥ» በሚለው ቅጽል የሚታወቀው የሴት እስረኛ ፊልም ነው። ባለታሪኳ ናሚ ማጹሺማ መርማሪ ፖሊስ የሆነውን ፍቅረኛዋን አምና ወደ ወንበዴዎች ዋሻ ትገባለች። እርሱ ግን የላካት ለማጥመጃ ነበር። ትደፈራለች። ልትወጋው ስትሞክር ተይዛ ትታሰራለች። ከዚያ ወዲያ ያለው የወኅኒና የበቀል ታሪክ ነው። ተዋናይቷ ሜይኮ ካጂ ትባላለች። ቀድሞ በኒካትሱ ትሠራ ነበር። ኩባንያው ወደ ወሲባዊ ፊልም ሲዞር ጥላው ወጣች። የ«ጊንጥ»ን ሚና ስትቀበልም የታሪኩ ምንጭ በሆነው የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ባለታሪኳ የምትናገረውን ጸያፍ ቃል አልናገርም ብላ አስቀድማ ቅድመ ሁኔታ አቀረበች። በዚህም ምክንያት ባለታሪኳ ከሞላ ጎደል የማትናገር ሴት ሆነች። የምትናገረው በዐይኗ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ሁለት መልክ ያወጣል። ፊልሙ የተሠራው የሴትን ሥቃይ ለወንድ ተመልካች ለመሸጥ ነው፤ ካሜራውም በሥቃይዋ ላይ ይዘገያል። በዚያው ፊልም ውስጥ ግን የአንዲት ተዋናይት እምቢታ ገብቶ ሸቀጡን ወደ ክስ ለወጠው። የተመልካቹን ዐይን መልሳ የምታፈጥጥበት ሴት በአዳራሹ ውስጥ ታየች። ያዜመችው የፊልሙ መዝሙር «የቂም ዜማ» ማለት ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ኩዌንቲን ታራንቲኖ ዜማውን በራሱ የበቀል ፊልም ውስጥ እስከ ማስገባት ድረስ ኃይሉ ዘልቋል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ቶሺያ ፉጂታ በሠራው በሌላው ፊልም፣ ይኸችው ካጂ ዩኪ የምትባል ሴት ሆና ትጫወታለች። ዩኪ የተወለደችው በወኅኒ ቤት ነው። እናቷ ባሏንና ልጇን የገደሉባትን፣ እርሷንም የደፈሩትን ሰዎች የሚበቀልላት ልጅ ለማግኘት ስትል ከዘብ ጠባቂዎች ፀነሰቻት። እንግዲህ «አባቷ ማነው?» ብንል መልስ የለም፤ ለታሪኩም አያስፈልገውም። ዩኪ የእናቷ ቂም ልጅ ናት። ይሁንና ነጻ ናት ወይ? አይደለችም። የመጀመሪያዋ ሂሩት ባልታወቀ አባት ስም እንደ ተለካች፣ ዩኪም ገና ሳትወለድ በተጻፈላት የበቀል ዕዳ ትለካለች። ሰይፍ በእጇ ስላለ ብቻ ሕይወቷ የራሷ አልሆነም። ስለዚህ «ሴቲቱ ጠንካራ ናት፤ ትዋጋለች፤ ትገድላለች፤ ስለዚህ ፊልሙ ለሴቶች የቆመ ነው» የሚለውን ፈጣን መደምደሚያ እንዳንቀበለው ዩኪ ታስጠነቅቀናለች።

ሌላም ነገር ልጨምር። በጃፓን ሴት ዳይሬክተር አልነበረችም ማለት አይደለም። ታዙኮ ሳካኔ በ1936፣ ታዋቂዋ ተዋናይት ኪኑዮ ታናካ በ1953 የመጀመሪያ ፊልሞቻቸውን ሠርተዋል። ነገር ግን እነዚህን የሴት በቀል ፊልሞች የጻፉትም የመሩትም ወንዶች ነበሩ። በሴት ቂም የበለጸገው ኩባንያ ቂሙን በሴት አንደበት ለማስነገር አልተጣደፈም።

በሎስ አንጀለስ የተሰማ ድምፅ

በዚያው በ1970ዎቹ አንድ የጎንደር ልጅ በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ፊልም ይማር ነበር። ኃይሌ ገሪማ በትምህርት ላይ ሳለ የሠራው «ቡሽ ማማ» ዶሮቲ ስለምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነው። ዶሮቲ ድሃ ናት። የልጇ እንጀራ ከበጎ አድራጎት መሥሪያ ቤት ወረቀት ጋር የታሰረ ነው፤ ባልዋ ባልሠራው ወንጀል ታስሯል። በፍጻሜው አንድ ፖሊስ ትንሽ ልጇን ሲደፍር ትደርስበታለች፤ በእጇ በነበረው ጃንጥላ ደብድባ ትገድለዋለች።

የታሪኩ አጥንት ከጃፓኖቹ ጋር አንድ መሆኑን ታያላችሁ። በደል አለ፤ ሕግ አልሠራም፤ ሴቲቱ እጇን አነሣች። ሥጋው ግን ሌላ ነው። በ«ጊንጥ» ውስጥ ባለታሪኳ የምትበቀለው ሰውን ነው። «ቡሽ ማማ» ግን ከዚያ አልፎ መሥሪያ ቤቱን፣ ወረቀቱን፣ ወረፋውን፣ የቤት ኪራዩን ያሳያል። ጃንጥላው ከመነሣቱ በፊት ዶሮቲ ስታስብ፣ ስትሰለች፣ ስትታዘብ፣ ስትማር ረጅም ጊዜ አብረናት ቆይተናል። ስለዚህ ያ የመጨረሻው ጊዜ ሲመጣ ተመልካች የሚያየው እንግዳ ትርኢት አይደለም፤ የሚያውቃት ሰው ያደረገችውን ነገር ነው። እንደ እኔ አስተያየት በብዝበዛና በምስክርነት መካከል ያለው ድንበር ከዚህ ላይ ነው። ድንበሩ «ግፉ ታየ ወይስ አልታየም?» አይደለም። ከግፉ በፊትና ከግፉ በኋላ ሰዪቱን እናውቃታለን ወይ? ነው።

ሁለተኛዋ ሂሩት

«ድፍረት» የሚለውን ቃል ሁላችን እናውቀዋለን። ደፋር ማለት ጀግና ነው፤ የማይፈራ ነው። ይኸው ግስ በሴት ላይ ሲያርፍ ግን ትርጉሙ ይገለበጣል። «ተደፈረች» ስንል ስለ ጀግንነት አንናገርም፤ ስለ ወንጀል እንናገራለን። ቋንቋችን ለጀግንነትና ለአስገድዶ መድፈር አንድ ሥር መስጠቱ ሊያሳስበን ይገባል። በዚህ አነጋገር ውስጥ የተደፈረው ነገር ክብር ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የአባቷ ወይም የወንድሟ ክብር ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ለፊልሙ ይህን ርእስ ሲመርጥ ሁለቱንም ትርጉም አንድ ላይ አቆማቸው፤ የተፈጸመባት ድፍረት አለ፤ የእርሷም ድፍረት አለ።

ፊልሙ የተመሠረተው በእውነተኛ ጉዳይ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አበራሽ በቀለ የተባለች የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ይዞ ተከራከረላት። ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ሲል በነጻ አሰናበታት። ሆኖም ወደ ተወለደችበት ቀዬ ተመልሳ ለመኖር አልቻለችም።

በዚያ ጊዜ ይሠራበት የነበረው በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ ለጠለፋ የተቀመጠው ቅጣት ቀላል ሲሆን፣ ጠላፊው የጠለፋትን ቢያገባት ከክስ የሚድንበት በር ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ለጠለፋ ከ3 ዓመት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ፤ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ አስቀመጠ። ይህን ለውጥ ያመጡት ብዙ ዓመት የደከሙ ሴቶች ናቸው። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ ሆና የምትታየው መዓዛ አሸናፊም የማኅበሩ መሥራች ስትሆን፣ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበረች።

በፊልሙ ልጅቷ ሂሩት ትባላለች። ትዝታ ሀገሬ ትጫወታታለች፤ ጠበቃዋን ሜሮን ጌትነት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። በሥራ ሚዛን ስንመዝነው ከጃፓኖቹ የሚለይበት ነጥብ ግልጽ ነው። ካሜራው የልጅቷን ሥቃይ ለዐይን ድግስ አያደርገውም። ጥይቱም የታሪኩ ፍጻሜ ሳይሆን መነሻው ነው። ከጥይቱ በኋላ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው፤ በሁለት ሴቶች መካከል ቀስ በቀስ የሚበቅል መተማመን ነው። «አባቷ ማነው?» ተብሎ የተጠየቀላት ሂሩት በዚህኛው ፊልም «ምን ደረሰባት? ምንስ አደረገች?» ተብሎ ተጠየቀላት። ከ1957 እስከ 2006 ዓ.ም. ሲኒማችን የሄደው መንገድ ይህ ነው። ቀላል መንገድ አይደለም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብናቆም ለራሳችን ማጨብጨብ ብቻ ይሆናል። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ፣ ፊልሙ በብሔራዊ ቲያትር ሊመረቅ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ፣ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰና ትርኢቱ ቆመ። አቤቱታውን ያቀረበችው ወይዘሮ አበራሽ በቀለ ነበረች። ታሪኩ የእኔ ነው፤ ፈቃዴ ግን አልተጠየቀም የሚል ነበር ክሷ። በኋላ እግዱ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታየ። የክርክሩን ዝርዝር ለሕግ ሰዎች ልተው። እኔ ዛሬ በዳኝነት ወንበር አልቀመጥም፤ የትኛውንም ወገን ልወቅስም አልተነሣሁም።

የማነሣው የሙያችንን ጥያቄ ነው። በስሟ ተለውጣ በመጋረጃ ላይ የቆመችው ሂሩት ተናገረች፤ ዓለምም አጨበጨበላት። በእውነተኛ ስሟ በከተማችን የምትኖረው ሴት ደግሞ ለመሰማት ፍርድ ቤት መሄድ አስፈለጋት። በቅን ልቦና፣ በታላቅ ጥንቃቄ፣ ለሴቶች መብት ታስቦ የተሠራ ፊልም እንኳ ይህ ጥያቄ ከገጠመው፣ ለገበያ ብቻ በጥድፊያ የሚሠራው ሥራችን ምን ሊገጥመው ነው? የብዝበዛ ሲኒማ የሚባለው በጸያፍ ሥዕል ብቻ የሚታወቅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ብዝበዛ ግን ከሥዕሉ በፊት ይጀምራል፤ የማን ታሪክ ነው፣ ማን ፈቀደ፣ ማንስ ተጠቀመ ከሚለው ይጀምራል።

የዛሬው ገበያችን

ባለፉት ሃያ ዓመታት የአማርኛ ፊልም እንደ አሸን ፈልቷል። በመጀመሪያ በቪዲዮ ካሴት፣ ኋላም በዲጂታል ካሜራ መሥራት ሲቻል፣ በ35 ሚሊ ሜትር ዘመን ለማይደፈረው ሥራ ብዙ ወጣት በሩ ተከፈተለት። ይህ በጎ ነው። ሆኖም ከጃፓን ታሪክ የተማርነውን እናስታውስ። ገበያው ሲጠብ ኩባንያዎቹ የዞሩት ወደ ሴቲቱ ገላ ነበር። የእኛ ገበያ በባህላችን ምክንያት ገላን ባይሸጥም የሚሸጠው ሌላ ነገር አለው። እንባዋን ይሸጣል። የከተማ ሀብታም የሚያታልላት የገጠር ልጅ፣ በእህቷ ባል የምትመኝ ክፉ ሴት፣ ይቅር እያለች የምታረጅ ሚስት፣ በጥፊ ተመትታ ወዲያው የምትወድ ፍቅረኛ፤ እነዚህ በየፖስተሩ የምናውቃቸው ናቸው። በተለይ የጥፊው ነገር ተመልካች የሚስቅበት መሆኑ ከማንኛውም ራቁት ሥዕል ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል።

የተሻለ መንገድ እንዳለ ያሳዩን አሉ። ሳሌም መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 «ስደት» በተሰኘው ዶክመንታሪ ፊልሟ በሱዳን ስደተኛ የሆኑ ኢትዮጵያውያት ሴቶችን በራሳቸው አንደበት አናገረች። ሄርሞን ኃይላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ለቶሮንቶ ፌስቲቫል ባደረሰችው ፊልሟ የአንድ የአዲስ አበባ ባለ ታክሲንና የአንዲት ሴተኛ አዳሪን ታሪክ ስትናገር፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ወንዶች ሲተርኩት የኖሩትን ርእስ አንዲት ሴት ካሜራ ይዛ ተመለሰችበት ማለት ነው። ሴት ዳይሬክተር ሁሉ በሴትነቷ ብቻ ትክክል ትሠራለች አልልም። የሴት እጅ በካሜራው ላይ ሲበዛ ግን አንድ ዐይነት ብቻ የነበረው አመለካከት ይበዛል፤ ውሸት ደግሞ በብዙ ምስክር ፊት ይከብደዋል።

ለማኅበራችን የሚቀርብ ሐሳብ

ንግግር ብቻ ተናግሮ መውረድ ለባለሙያ ማኅበር አይበቃም። ስለዚህ አራት ነገሮችን ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሕይወት ባለ ሰው እውነተኛ ታሪክ ላይ የሚመሠረት ማንኛውም ፊልም ከመጻፉ በፊት የባለታሪኩ ፈቃድ በጽሑፍ እንዲጠየቅ ማኅበሩ የውል አርአያ ያዘጋጅ። ስም መለወጥ ፈቃድን አይተካም። በተለይ ባለታሪኳ በደል የደረሰባት ሴት ስትሆን፣ ውሉ በምትረዳው ቋንቋ ይነበብላት፤ ከጎኗም አማካሪ ይቁም።

ሁለተኛ፣ የግፍና የወሲብ ትዕይንት ያለበት ማንኛውም ጽሑፍ ተዋናይቷ ውል ከመፈረሟ በፊት ሙሉ በሙሉ ይሰጣት። ሜይኮ ካጂ እምቢ ለማለት የቻለችው ስመ ጥር ስለ ነበረች ነው። እኛ የምንፈልገው ስም የሌላት ጀማሪም እምቢ ልትል የምትችልበትን ሥርዓት ነው።

ሦስተኛ፣ በጽሑፍ ግምገማ ጊዜ ከሳንሱር የወረስነውን «ምን ያህል ታየ?» የሚለውን ጥያቄ ትተን፣ «ከግፉ በፊትና በኋላ ሰዪቱን እናውቃታለን ወይ?» የሚለውን እንጠይቅ። መልሱ አናውቃትም ከሆነ ትዕይንቱ ይውጣ፤ ወይም ሰዪቱ ትግባ።

አራተኛ፣ ማኅበሩ በየዓመቱ ከሚሰጠው የሥልጠና ዕድል ውስጥ ለሴት ካሜራ ባለሙያዎች፣ ለሴት ደራሲያንና ለሴት ዳይሬክተሮች የተወሰነ ድርሻ ይመድብ። ይህ ምጽዋት አይደለም። የሙያው ግማሽ ዐይን ተሸፍኖ እስከ ዛሬ ሠርተናል፤ ሽፋኑን ማንሣት ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣

«ታሪኩ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሥራችን እንቅፋት እንደሚሆን የሚሰጉ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ። እያንዳንዱን ታሪክ በፈቃድና በውል ካሰርነው ኪነ ጥበብ ነጻነቷን ታጣለች ይሉናል። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ባለሥልጣንና ባለ ገንዘብ በዚህ ሰበብ እውነትን ሊያፍን እንደሚችል አልዘነጋም። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ኃያሉን የሚጠይቅ ፊልም የኃያሉን ፈቃድ አያስፈልገውም። የተበደለችውን ሴት ታሪክ የሚናገር ፊልም ግን ተሰሚነቷን የሚመልስላት ከሆነ በመጀመሪያ እርሷን መስማት ይኖርበታል። ኪነ ጥበብ ከደካማው ላይ ሳይጠይቅ የሚወስደው ነጻነት፣ ነጻነት ተብሎ ሊጠራ አይገባም።

የመጀመሪያዪቱ ሂሩት አባቷ ማን እንደ ሆነ ተጠየቀላት። ሁለተኛዪቱ ምን እንደ ደረሰባት ተጠየቀላት። ለሦስተኛዪቱ ሂሩት የቀረልን ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሱም ለእኛ ሳይሆን ለራሷ የሚቀርብ ነው፦ «ምን ብለን እንድንናገርልሽ ትፈቅጃለሽ? ወይስ ራስሽ ትናገሪያለሽ?»